ቤንዚን ያለቀበት ዓለም፦ «ማድ ማክስ 2»ን አዲስ አበባ መሀል ሆኖ ማየት

እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ አንድ የአውስትራሊያ አክሽን ፊልም አለ። «ማድ ማክስ 2» ይባላል። አሜሪካ ውስጥ የታየው «ዘ ሮድ ዋሪየር» በሚል ስም ነው። ርዝመቱ 96 ደቂቃ ገደማ ነው። ዓለም ፈርሷል። መንግሥት የለም፣ ገበያ የለም፣ ሕግ የለም። የቀረው በረሃ፣ አስፋልትና ለአንድ ጀሪካን ቤንዚን የሚገዳደል ሰው ነው።

በቪዲዮ ቤት ዘመን ካደጉት የፒያሳና የመርካቶ ልጆች ብዙዎቹ ያስታውሱታል። አሁን ደግሞ አዲስ ተመልካች አግኝቷል። ማደያ ደጃፍ ለሰዓታት የቆመ ሹፌር ስልኩን ያወጣል። በቴሌግራም የተላከለትን ወይም ያስጫነውን ፊልም ይከፍታል። ወረፋ ውስጥ ተቀምጦ ስለ ቤንዚን ጦርነት የሚያይ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አያልፈውም። ከጎኑ ላለው ያወራል። ያኛው ይከራከረዋል። ከአራት ኪሎ እስከ ስታዲየም ባለው ሰፈር እንዲህ ያለ ክርክር ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ ገብቼበታለሁም።

አስተያየቱ አይገናኝም። እስከዛሬ ካየሁት ሁሉ ምርጡ የሚለው አለ። አርጅቷል፣ ይደብራል የሚለው አለ። ልጆች ፊት ሊከፈት የማይገባው ጭካኔ ነው የሚልም አለ። ስለ ድሮ ፊልም ስንከራከር አብዛኛውን ጊዜ አዋቂው ከወጣቱ ጋር ነው የሚጋጨው። በዚህ ፊልም ላይ ግን ሰዉ የሚለያየው ከነዳጅ ጋር ባለው ኑሮ ነው። የሚነዳው፣ የሚጠግነው፣ ነዳጅ የሚያመላልሰውና ታክሲ የሚጠብቀው ያዩት አንድ ፊልም አይመስልም። ይሄ ልዩነት ቁም ነገር አለው ብዬ አምናለሁ።

ታሪኩ ባጭሩ

ማክስ የቀድሞ ፖሊስ ነው። በ1979 በወጣው የመጀመሪያ ፊልም ላይ ቤተሰቡን አጥቷል። አሁን ውሻውንና ጥቁሯን ባለ ቪ8 ፎርድ ፋልከን ይዞ ብቻውን ይንከራተታል። ሥራው ቤንዚን መፈለግ ነው። ከተጋጨ መኪና የሚንጠባጠበውን እንኳ ዕቃ ደቅኖ ይቀበላል። አንድ ቀን በረሃ መሀል አንዲት ትንሽ የነዳጅ ማጣሪያ ያገኛል። እዚያ የሰፈሩት ሰዎች ነዳጃቸውን ጭነው ሩቅ ወዳለ የባሕር ዳርቻ መሄድ ይፈልጋሉ። ውጭ ደግሞ ሁመንገስ የሚባል ጭምብል ያጠለቀ አለቃ ያላቸው ወንበዴዎች ከበዋቸዋል። ማክስ ለሰዎቹ አዝኖ አይደለም የሚዋዋለው። ቦቴያቸውን የሚጎትት መኪና ሊያመጣላቸው፣ እነሱም የመኪናውን ሰልባቶ ሊሞሉለት ነው። መጨረሻው አንድ ረጅም ሩጫ ነው፤ ቦቴው ከፊት፣ ወንበዴው ከኋላ።

መጨረሻውንም እናገራለሁ። ዋናው ክርክር ያለው እዚያ ላይ ነውና። ቦቴው ሲገለበጥ የሚፈሰው ቤንዚን ሳይሆን አሸዋ ነው። ወንበዴው ሁሉ ቦቴውን ሲያሳድድ፣ እውነተኛው ነዳጅ በበርሜል ሆኖ ከቀሩት ሰዎች ጋር በሌላ አቅጣጫ ወጥቷል።

ማክስ በፊልሙ ሁሉ የሚናገረው በጣም ጥቂት ነው። ነገሩ የሚገባው በዓይን፣ በሞተር ድምፅና በአቧራ ነው። ቪዲዮ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የማይገባቸው ልጆች ጭምር አፋቸውን ከፍተው የተከታተሉት ለዚህ ነው። ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሚለር ድምፅ አልባ በሆነው ዘመን ከተሠሩ ፊልሞች፣ ከእነ በስተር ኪተን፣ ብዙ እንደተማረ በየጊዜው ይናገራል። ይታያልም።

አንድ የነዳጅ ቀውስ በሁለት አገር

ሚለር ፊልም ከመሥራቱ በፊት ሐኪም ነበር። ሲድኒ ውስጥ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሠርቷል። በመኪና አደጋ የተሰባበረ ሰው በየቀኑ የሚመጣበት ቦታ ነው። ያደገውም ወጣቶች በፍጥነት እየነዱ በሚያልቁበት የገጠር አውራጃ ነው፤ ጓደኞቹን በመኪና አደጋ አጥቷል። የመጀመሪያውን «ማድ ማክስ» ከፕሮዲዩሰሩ ከባይረን ኬኔዲ ጋር የሠራው በ400 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ገደማ ነው። ለፊልም በጣም ትንሽ ገንዘብ ነው። መግቢያው ላይ የሚደቀቀው ሰማያዊ ቫን የሚለር የራሱ መኪና ነበር። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ከወጪው አንጻር ብዙ በማትረፍ ጊነስ መዝገብ ላይ ለረጅም ዓመታት ሰፍሮ ቆይቷል።

ለእኛ ነገር የሚጠቅመው ግን ሌላ ሰው ነው። ጄምስ ማክኮስላንድ ይባላል። ጋዜጠኛ ነበር። የመጀመሪያውን ፊልም ከሚለር ጋር ሆኖ የጻፈው እሱ ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ሲያስረዳ በ1973 የተከሰተውን የነዳጅ ቀውስ አነሳ። ያኔ አውስትራሊያ ውስጥ ማደያዎች ሲደርቁ ቤንዚን ያለበት ጋ ረጅም ሰልፍ ይሠራ ነበር። ሰልፉን ጥሶ ሊገባ የሞከረ ሰው ዱላ ይጠብቀዋል። ሰው ሰልባቶውን ለመሙላት ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ማክኮስላንድ ያየው እዚያ ነው። ፊልሙ የተወለደው ከማደያ ሰልፍ ነው ማለት ይቻላል።

ያው ቀውስ አዲስ አበባም ገብቷል። የዓረብ ነዳጅ አምራቾች እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 ሽያጭ ሲከለክሉ የድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ በጥቂት ወራት ወደ አራት እጥፍ ገደማ ዘለለ። የእኛም መንግሥት የቤንዚን ዋጋ ጨመረ፤ የታክሲ ታሪፍ ግን ባለበት ቆመ። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ። በዚያው ቀን መምህራኑም አድማ ላይ ነበሩ። ከተማው ቆመ። መንግሥት ከቀናት በኋላ የቤንዚኑን ዋጋ ቀነሰ። በዚያው ወር የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። አብዮቱን ቤንዚን ብቻ አመጣው ማለቴ አይደለም። የወሎ ረሃብ አለ፣ የሠራዊቱ ጥያቄ አለ፣ የመሬት ጥያቄ አለ። ግን የከተማውን ጎማ ያቆመው የታክሲ ሹፌር ነው።

ይህን ጎን ለጎን አድርጌ ሳየው ነው ፊልሙ ሌላ ነገር የሆነብኝ። አንድ ዓይነት የዋጋ ንረት አውስትራሊያ ውስጥ ሲደርስ ሁለት ሰዎች ሰው እርስ በርሱ ሲበላላ የሚያሳይ ታሪክ አሰቡ። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ሹፌሮች ተመካክረው አንድ ላይ መኪናቸውን አቆሙ። ፊልሙን ለሚያዩ ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው የካቲት 66ን በትምህርት ቤት ተምረው የቤንዚኑን ነገር ግን ፈጽሞ የረሱት ብዙ ናቸው።

መካኒኩ ያየው ፊልም

ከሁሉም የበለጠ ደስ የሚለኝ የመካኒኮች አስተያየት ነው። ሶማሌ ተራ አካባቢ መለዋወጫ የሚሸጡ፣ ጋራዥ የሚሠሩ ልጆች ይህን ፊልም ሲያዩ ታሪኩን አይጠይቁም። መኪናዎቹን ነው የሚያዩት። ደግሞም ልክ ናቸው፤ እዚያ ፊልም ውስጥ ያለው ሁሉ እውነተኛ ብረት ነው። ቀረጻው የተካሄደው ብሮክን ሂል በምትባል የማዕድን ከተማ አቅራቢያ ነው። በኮምፒውተር የተሠራ ግጭት የለም። ቴክኖሎጂውም ገና አልነበረም። የማጣሪያው ሰፈር በእውነት ተገንብቶ በእውነት ነው የጋየው።

ጋይ ኖሪስ የተባለ ወጣት ስታንትማን (አደገኛውን ትዕይንት በተዋናይ ፈንታ የሚሠራ ሰው) ከሞተር ሳይክል ላይ ተወርውሮ በአየር ላይ የሚሽከረከርበት ትዕይንት አለ። እንደዚያ እንዲሆን የታሰበ አልነበረም። የእግሩ አጥንት ተሰብሯል፤ ቀረጻው ግን ፊልሙ ውስጥ ገባ። ያው ሰው ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በ2015 የወጣውን የዚሁ የ«ማድ ማክስ» ተከታታይ ፊልም፣ የ«ፉሪ ሮድ»ን ስታንት በኃላፊነት መርቷል። ቦቴውን በእውነት የገለበጠው ደግሞ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ምናልባት ቀዶ ጥገና ካስፈለገ ተብሎ ከሥራው በፊት ለሰዓታት ምግብ እንዳይበላ ተነግሮት ነበር። ይህን ለአንድ ጋራዥ ሙሉ ሰው ብትነግሩት የቦቴውን መገልበጥ እንደገና መልሰው ማየታቸው አይቀርም።

ታዲያ አድናቆት ብቻ አይደለም ያላቸው። የሚያነሱት ጥያቄ ሹል ነው። ለምሳሌ ማክስ ማርሹ አናት ላይ ያለችውን ማብሪያ ሲስብ ከኮፈኑ የወጣው ሱፐርቻርጀር፣ ማለትም ለሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚገፋው ዕቃ፣ መሥራት ይጀምራል። ሞተር የሚያውቅ ሰው ይህን አይቀበልም። የዚያ ዓይነት ሱፐርቻርጀር በቺንጋ ከሞተሩ ጋር አብሮ የሚዞር ነው፤ እንደ ሬዲዮ አይከፈትም አይዘጋም። እውነትም የፊልሙ መኪና ላይ የነበረው ለእይታ የተገጠመ ነው።

ሌላው ጥያቄያቸው የበለጠ ያሳስባል። ለምን ቤንዚን ብቻ ጠፋ ይላሉ። ጎማው ከየት መጣ? ባትሪው? የሞተር ዘይቱ፣ ፊልትሮው፣ የፍሬን ሸራው? በዚያ ድንጋይ ላይ በዚያ ፍጥነት የሚነዳ መኪና በሳምንት ጎማ ይጨርሳል። ቤንዚን ራሱ ለወራት ሲቀመጥ ይበላሻል። ይህን የሚጠይቀው ሰው በውጭ ምንዛሪ እጥረት አንድ ዕቃ ለማግኘት ወር የጠበቀ ሰው ነው። ለእሱ መኪና የሚቆመው ቤንዚን ሲያልቅ ብቻ አይደለም። አንዲት ትንሽ ጎሚኒ ስትጠፋም ይቆማል። የፊልሙ ጸሐፊዎች የማደያ ሰልፍ አይተዋል፤ የመለዋወጫ ሱቅ ግን አላሳሰባቸውም። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ላይ የተንጠለጠለ አገር ሰው ይህን ክፍተት ወዲያው ያየዋል። ፊልም ተቺዎች ሲጽፉት አላየሁም፤ እኔ ግን ስለዚህ ፊልም ከሰማሁት አስተያየት ሁሉ የላቀው ይሄ ነው እላለሁ።

ፊልም ለመሥራት የሚማሩ ወጣቶች በበኩላቸው ካሜራውን ነው የሚያወሩት። ሚለር አንዳንዱን ሩጫ ካሜራውን አዘግይቶ ስለቀረጸው መኪናው ከልኩ በላይ ይከንፋል። አንዳንዶቹ ይህ ፊልሙን አርጅቶ እንዲታይ ያደርገዋል ይላሉ። እኔ አይረብሸኝም። ምስሉ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፤ ማን የት እንዳለ፣ ማን ማንን እንደሚያሳድድ አይጠፋችሁም። የዛሬ አክሽን ፊልሞች ይህን ብዙ ጊዜ አጥተውታል።

የሚደብራቸውስ?

«ፉሪ ሮድ»ን ቀድሞ ያየ ወጣት ወደ 1981ዱ ሲመለስ ጠባብ ይመስለዋል። ይህ ይገባኛል። «ፉሪ ሮድ» ስድስት ኦስካር ያገኘ ግዙፍ ሥራ ነው። የተቀረጸውም በናሚቢያ በረሃ ነው፤ ብሮክን ሂል ዝናብ ዘንቦ አበባ ስላወጣባቸው ነው ወደ አፍሪካ የመጡት። ከዚያ መልስ ሁለተኛው ፊልም ላይ ያሉት ጥቂት መኪናዎች ያንሳሉ።

የባሰው ደግሞ ከመጀመሪያው የሚጀምሩት ናቸው። በ1979 የወጣውን ሲከፍቱ የፈረሰ ዓለም ይጠብቃሉ። የሚያገኙት ግን ፖሊስ ጣቢያ፣ ሆስፒታል፣ አይስክሬም የሚሸጥበት ከተማ ነው። ዓለሙ እየተንገዳገደ ነው እንጂ አልወደቀም። «የታለ በረሃው?» ብለው ይዘጉታል። በረሃው ያለው በሁለተኛው ላይ ነው።

ሴት ተመልካቾች የሚያነሱት ነገር ግን በቀላሉ ሊታለፍ አይገባም። ሁለተኛው ፊልም ውስጥ አንዲት ሴት ስትደፈር ማክስና የማረከው አንድ አብራሪ ከኮረብታ ላይ በሩቅ ማያ ያያሉ። ትሞታለችም። ከዚያ በኋላ ስለሷ የሚያወራ የለም። ማጣሪያው ውስጥ ያለችው ጀግና ተዋጊ ሴት ደግሞ ስም እንኳ አልተሰጣትም። ይህ እውነተኛ ድክመት ነው። ዘመኑ ነው ብሎ ማለፍ አልፈልግም። ከ34 ዓመት በኋላ የወጣው ፊልም ፉሪዮሳ የምትባል ሴትን መሪ አድርጎ ሲመጣ ሚለር ራሱ ጥያቄውን እንደሰማ ግልጽ ነው።

አንድ አስተያየት ደግሞ ሆዴን አላወሰው። ካዛንቺስ የኖረበት ቤት ፈርሶ ወደ ከተማው ዳር የተዛወረ የማውቀው ሰው ነው። እሱን የነካው መኪናውም ውጊያውም አይደለም። የማጣሪያው ሰዎች አንድ የተጨማደደ ፖስትካርድ አላቸው፤ ሄደው የማያውቁት የባሕር ዳርቻ ፎቶ። ወደዚያ ነው የሚሄዱት። ሁሉን ትተው ለመሄድ አንድ ሥዕል በቂ ሆነላቸው አለ። እኔ ፊልሙን ብዙ ጊዜ አይቼ ፖስትካርዷ ላይ እንደሱ አልቆምኩም ነበር።

ወረፋው ውስጥ ሆኖ ሲታይ

አሁን ወደ ዛሬው እንምጣ። ኢትዮጵያ ነዳጅ አታመርትም። አሰብ ላይ በሶቪየት እርዳታ የተሠራ ማጣሪያ ነበረን፤ እሱም እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራ አቆመ። አሁን የተጣራውን ገዝተን በጅቡቲ በኩል እናስገባለን። በዓመት በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይወጣል። ከጅቡቲ ወዲህ ያለው ሁሉ በቦቴ ነው፤ ጋላፊ፣ ሰመራ፣ ሚሌ፣ አዋሽ እያለ። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ድጎማው ደረጃ በደረጃ እየተነሳ ዋጋው እየናረ መጥቷል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ጫናው ጨመረ። በዚያው ዓመት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ፤ መንግሥት ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አዞረ።

የኤሌክትሪክ መኪና የሚነዱ ወጣት ሹፌሮች ለዚህ ነው «ማድ ማክስ»ን እንደ ታሪክ የሚያዩት። የእኛ ጉዳይ አይደለም ይላሉ። ቤንዚን የሌለበት ጦርነት ማን ይዋጋል? ከጎናቸው ያለው ባለ ሚኒባስ ግን መልስ አያጣም። መብራት ሲጠፋስ? ባትሪው ሲደክምስ? ቻርጅ ማድረጊያ ጋ ወረፋ የለም እንዴ? እዚህ ክርክር ውስጥ ሁለቱም ልክ ናቸው። ኤሌክትሪኩ የምናመርተው የራሳችን ነው፤ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ባትሪው ግን አሁንም በመርከብ የሚመጣ ነው። የጋራዡ ልጅ የጠየቀው የመለዋወጫ ጥያቄ ከቤንዚን ወደ ባትሪ ዞረ እንጂ አልጠፋም።

ብዙ ሰው ግን ከዚህ በላይ ይሄዳል። ፊልሙ ትንቢት ነው፣ እኛም ወደዚያው ነን ይላል። ማደያ ላይ የሚታየውን ግፊያና ስድብ፣ በጀሪካን የሚሸጠውን የጥቁር ገበያ ቤንዚን፣ ተራ ለማግኘት የሚሰጠውን ጉቦ ይቆጥራል። ከዚህ አስተያየት ጋር አልስማማም። የተቆጠረው ሁሉ አለ፤ አልክድም። ቤንዚን ደብቆ በእጥፍ የሚሸጥ ሰው ሌባ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ግን ወረፋውን ያየ ሰው ሁሉ ሌላውንም ያውቃል። ሹፌሮች ራሳቸው ወረቀት አውጥተው ስም ይመዘግባሉ። አንዱ ቁርስ ሊበላ ሲሄድ የኋላው መኪናውን ገፍቶ ያስጠጋለታል። ቤንዚን የገባበትን ማደያ ያወቀ ሰው ለጓደኞቹ ይደውላል፤ ቢደብቀው ለራሱ ይሻለው ነበር። ነፍሰ ጡር የጫነች ታክሲ ስትመጣ ሰዉ እያጉረመረመም ቢሆን ያሳልፋል።

ይህን ማንም አላዘዘም። ደግሞ ፊልሙም ቢሆን በደንብ ለሚያየው ይህን ይዟል። ሁሉም ዓይኑን የሚጥለው ማክስና ሁመንገስ ላይ ነው። ማጣሪያው ውስጥ ያሉትን ሰዎች ልብ የሚል ጥቂት ነው። ሁመንገስ «ነዳጁን ትታችሁ ሂዱ፣ አልነካችሁም» ሲላቸው ምን እንደሚያደርጉ ተመልከቱ። ይሰበሰባሉ። ይከራከራሉ። እንቀበል የሚልም አለ፣ አንቀበል የሚልም አለ። መካኒኩ፣ ጠባቂው፣ ሽማግሌው ሁሉም ሥራ አላቸው። በመጨረሻ ከበባውን የሚያመልጡት በአንድ ላይ ባወጡት ዕቅድ ነው። ማክስ መሣሪያቸው ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ እነሱ ሄደዋል፤ እሱ መንገድ ላይ ብቻውን ቀርቷል። ይህን ካየን በኋላ ፊልሙ «ጠንካራው ብቻ ይተርፋል» ይላል ማለት ይከብደኛል። ብቻውን የነዳው ጠንካራ ሰው መኪናውንም፣ ውሻውንም፣ ቤንዚኑንም አጥቷል።

አሸዋው

አሁን ወደ ትልቁ ክርክር። ቦቴው ውስጥ አሸዋ መሆኑን ማክስ አያውቅም ነበር። ፓፓጋሎ የሚባለው የሰዎቹ መሪ አልነገረውም።

አብዛኛው ተመልካች እዚህ ላይ ያጨበጭባል። ጭንቅላት ነው፣ አሪፍ ዘዴ ነው ይላል። ማክስ ራሱ አሸዋውን ሲያይ ፈገግ ይላል። ጅቡቲ መስመር ላይ ከሠሩ የቦቴ ሹፌሮች ጋር ሳወራ ግን የሰማሁት ሌላ ነው። እነሱ አያጨበጭቡም። ይናደዳሉ። ሹፌር የጫነውን ማወቅ አለበት ይላሉ። ቤንዚን የጫነ ቦቴና አሸዋ የጫነ ቦቴ አነዳዱ ይለያያል። ቤንዚን በጠማማ መንገድ ላይ ይናጣል፣ መኪናውን ይጎትታል፤ አሸዋ ባለበት ይቀመጣል። ከዚያ በላይ ደግሞ የሚፈራው ነገር ይለያያል። ቤንዚን የጫነ ሰው እያንዳንዷ ጥይት እሳት ናት። የሚያቆመው ቦታ፣ የሚሸሸው ፍጥነት፣ የሚጠብቀው ጎን ሁሉ በጭነቱ ይወሰናል።

የሚሟገትለት ሰው ፓፓጋሎ መጀመሪያ ቦቴውን ራሱ ሊነዳ ተነስቶ እንደነበር ያስታውሳል። እውነት ነው። ቆስሎ ሳለ እሱ ነበር የሚነዳው፤ ማክስ ነው እኔ ልንዳው ያለው። ስለዚህ ማንንም ለሞት አልላከም፣ ራሱ ሊሞትበት ያዘጋጀው ወጥመድ ነው ይላሉ። ምስጢር ከተነገረ ይወጣል የሚሉም አሉ። ማክስ ቢያዝ ኖሮ ሊናገር ይችል ነበር።

እኔ ከሹፌሮቹ ጋር ነኝ። ፓፓጋሎ ለራሱ የመረጠውን አደጋ ለሌላ ሰው ሲያስረክብ ምን እንዳስረከበ ሊነግረው ይገባ ነበር። ያ ሰው ራሱ ፈልጎ ቢጠይቅም። ምክንያቱም ቦቴው ላይ የነበረው ማክስ ብቻ አልነበረም። ጣሪያው ላይ ሆነው ሲከላከሉ የሞቱ ሰዎች አሉ። ከማክስ አጠገብ ደግሞ አንድ ትንሽ ልጅ ተቀምጧል፤ መናገር የማይችል፣ ከማጣሪያው ሰዎች ጋር የሚኖር ልጅ። ሩጫው መሀል የማክስ ጥይት ያልቅበታል። አንዲት ያልተተኮሰች ጥይት በኮፈኑ ላይ ወድቃለች። ማክስ ልጁን በተሰበረው መስኮት አውጥቶ፣ መኪናው እየበረረ፣ እሷን እንዲያመጣ ኮፈኑ ላይ ይሰደዋል። ቤንዚኑን ለማዳን ብሎ ነው። አሸዋ መሆኑን ቢያውቅ ልጁን ይልከው ነበር ወይ? ሹፌሮቹ አይልከውም ይላሉ፣ እኔም አይልከውም እላለሁ። ሌሎች ወንበዴው ቤንዚንም አሸዋም ቢሆን ይገድላቸው ነበር፣ ምርጫ አልነበረውም ይላሉ። ፊልሙን ያያችሁ ያንን ትዕይንት ቦቴው ምን እንደጫነ እያወቃችሁ ሁለተኛ ጊዜ እዩትና ፍረዱ።